በሪዚኪ ትከሻ ላይ የነበረው ካንጋ

ሂዳያ ሻባኒ ፎቶግራፍ ማሳመር የምትጀምረው ሁልጊዜ ከጥጉ ነው። ፊት ላይ አትቸኩልም። መጀመሪያ ከኋላ የተደረደሩትን የፕላስቲክ ወንበሮች ታጠፋለች፤ ቀጥሎ መሬት ላይ የተጋደመውን የማይክሮፎን ሽቦ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳይጠራ ከጎን ብቅ ያለውን የሰው ክርን። ፊቱ ጋ የምትደርሰው ሌላው ሁሉ ከጠራ በኋላ ነው፤ እንግዳ የሚገባው ቤቱ ተጠርጎ ሲያልቅ እንደሆነ ሁሉ። ይህን የተማረችው ከአባቷ ነው፤ ኢላላ ሰፈር በነበራቸው ፎቶ ቤት። ያኔ ማሳመሪያው ኮምፒውተር ሳይሆን ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ እርሳስ ነበር፤ የሙሽራ ብጉር የሚጠፋውም ፊልሙ ላይ ነጥብ በነጥብ እየተነካ ነው። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ሂዳያ የስድስት ሳምንት የኮምፒውተር ትምህርት ተማረች። በእርሳሱ ቦታ ማውዝ ገባ እንጂ እጇስ ያው እጅ ነው። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ባል ነበራት። የ«ዙማሪ» መጽሔትን ሽፋን መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

«ዙማሪ» ስለ ታራብ ዘፈንና ስለ ዘፋኞቹ የሚያወራ፣ ከዳሬሰላም እስከ ታንጋ፣ ባሕሩንም ተሻግሮ እስከ ዛንዚባር የሚነበብ መጽሔት ነው። ቢሮው ካሪያኮ ገበያ አጠገብ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለትንሽ ደቂቃ የሚያቆይ፣ አርጅቶ የሚያቃስት የባትሪ ሳጥን።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ የሻዕባን ወር ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ረመዳን ከገባ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ታራብ የለም፤ ታራብ ከሌለ ደግሞ «ዙማሪ»ን የሚያገላብጥ የለም። ማተሚያ ቤቱ ሽፋኑ እስከ ስምንት ሰዓት ካልደረሰው ወረቀቱን ለቀን መቁጠሪያ እንደሚያውለው ቁርጡን ነግሯል። በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ስለነበር የካሪያኮ ተራ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጠፍቶ እስከ ማታ አይመለስም። ስለዚህ ለሂዳያ ስምንት ሰዓት ማለት ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው ሁለት ሰዓት ላይ ነበር።

ፎቶው የቢ ሪዚኪ ነው፤ «ቢ» ማለት እንደ ወይዘሮ ነው። ቢ ሪዚኪ በዚያ ወቅት ሠርግ ያለ እሷ ሠርግ የማይመስልባት ዘፋኝ ነበረች። ለማንም ያልሰጠችውን ቃለ ምልልስ ለ«ዙማሪ» ስትሰጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው እሷ የመረጠችው ፎቶ እንዲሆን። ሰሞኑን ኪኖንዶኒ በተደረገ ሠርግ ላይ፣ አፏን ከፍታ፣ ቀኝ እጇን አንስታ፣ ቀይና ጥቁር ካንጋ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የተነሳችው ነው።

ሂዳያ ወንበሮቹን አጠፋች። ሽቦውን አጠፋች። ከዚያ የጨርቁን ጠርዝ ከጀርባው ለመለየት ፎቶውን አጎላችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ካንጋ በሚባለው የሴቶች ጨርቅ ላይ ሁልጊዜ አንድ አባባል አለ፤ በጠርዙ በኩል በትልልቅ ፊደል ይታተማል። በትንሹ ሲታይ እንደ ጥቁር መስመር ይመስል የነበረው፣ ሲጎላ ከሪዚኪ ትከሻ ተነስቶ ደረቷን አቋርጦ ቃል በቃል ተነበበ።

«ጎጆዋ የቀዘቀዘባት፣ ስለ ጫጩት አታውራ።»

ሂዳያ እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች።

ይህ ለማን እንደተባለ በዳሬሰላም የማታውቅ ሴት የለችም። ቢ ታቱ የምትባል አንጋፋ ዘፋኝ አለች፤ ሪዚኪም ዘፈን የጀመረችው በእሷ ቡድን ውስጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሪዚኪ ከበሮ መቺውንና ቫዮሊን ተጫዋቹን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በዘፈን ይወጋጋሉ። ባለፈው ወር ቢ ታቱ አንድ ሠርግ ላይ፣ ጎረቤት ግቢ እየገባች ስለምትጥል ዶሮ አንድ ስንኝ ጨምራ ዘፈነች፤ ሰውም የሪዚኪን ሦስተኛ ልጅ እያሰበ ሳቀ። እንግዲህ ይኼ ካንጋ የዚያ መልስ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሙያው ወግ ነው፤ መድረክ ላይ የተባለ መድረክ ላይ ይመለሳል።

ቢ ታቱ ግን ሦስት ልጆች ቀብራለች። ሦስቱም አርባ ቀናቸውን አልሞሉም። ሂዳያ ይህን የምታውቀው በወሬ አይደለም። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗት ልጅነቷ ሲያበቃ፣ እናቷ እንደ አገሩ ልማድ ሶሞ መረጠችላት፤ ሶሞ ማለት ለአካለ መጠን የደረሰችውን ልጅ ቤቷ አስቀምጣ ሴትነትን የምታስተምር ናት። የተመረጠችው ቢ ታቱ ነበረች። ሂዳያ እዚያ ቤት ገብታ በአምስተኛው ቀን ሦስተኛው ሕፃን ሞተ። አስከሬኑ ሲታጠብ የውኃውን ጎድጓዳ ሳህን የያዘችው እሷ ናት። ሳህኑ ሰማያዊ ነበር፤ ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ ተሸርፏል። ቢ ታቱ አላለቀሰችም። በስምንተኛው ቀን ተነስታ ትምህርቱን ካቆመችበት ቀጠለች።

ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ጨርቁን ያየ ሦስት መቶ ሰው ነው። እሱም ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ይረሳል። መጽሔት ግን ፀጉር ቤት ይቀመጣል። ክሊኒክ ይቀመጣል። ዓመት ሙሉ ይገላበጣል።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ የመጽሔቱ ባለቤትም አዘጋጅም የሆኑት ምዜ ኮምቦ አንገታቸው ላይ መሐረብ ጥለው የመጽሔቱን ማረሚያ ቅጂ ያነባሉ። የፔምባ ደሴት ሰው ናቸው፤ ሲሞቃቸው ይቆጣሉ፣ ዳሬሰላም ደግሞ ሁልጊዜ ይሞቃል።

«ምዜ» አለች ሂዳያ፣ «ሌላ ፎቶ የለንም?»

«የምን ሌላ? ይኼ ምን ጎደለው? አፏ ተከፍቷል፣ እጇ ተነስቷል፣ ወርቋ ይታያል።»

«ጨርቁን አንብበውታል?»

«የሴት ጨርቅ ማንበብ ከጀመርኩማ ከቤቴም አልወጣ።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችላቸው። ምዜ ኮምቦ አንገታቸውን ጠረጉ።

«ለማን ነው?»

«ለቢ ታቱ ነዋ።»

«ስሟ ተጽፎበታል?»

«ስም አይጻፍበትም።»

«እንግዲያው ለማንም አይደለም። ስም ከሌለ ከሳሽ የለም።» ማረሚያቸውን አነሱ። «ስሚኝ ሂዳያ፤ ለሪዚኪ ቃል ገብቻለሁ። ይኼ ፎቶ ካልወጣ ቃለ ምልልሱን አታትሙ ትላለች። እሱ ከቀረ ደግሞ ሃያ ገጽ ባዶ ወረቀት ነው የምሸጠው። አምስት ሰዓት ላይ ራሷ መጥታ ታየዋለች። አንቺ ፊቷን አሳምሪ፤ የሰው ጠብ ምን አገባሽ።»

ሂዳያ «እሺ» አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ «እሺ» ስትል ነው የኖረችው፤ ድምፅዋ ከማራገቢያው ድምፅ በልጦ አያውቅም። ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳው ትንሽ አዞረችው፤ ከምዜ ኮምቦ ወንበር እንዳይታይ። ከዚያም ጽሑፉን ማጥፋት ጀመረች።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ከአንዱ ቦታ ጨርቅ ቀድታ ሌላው ላይ የምትለጥፍ መሣሪያ አለች፤ ሂዳያ «ማኅተሟ» ትላታለች። ከቀዩ መደብ ትቀዳለች፤ በጥቁሩ ፊደል ላይ ታትማለች። ቀይ ግን አንድ ቀይ አይደለም። ትከሻው ላይ መብራት የነካው አለ፤ እጥፋቱ ውስጥ የጠቆረ አለ፤ ብብቱ ጋ ላብ ያረጠበው አለ። ከተሳሳተ ቦታ ከተቀዳ ጨርቁ የተጣፈ ይመስላል። ፊደል በፊደል ሄደች፤ ጎጆ ጠፋ፣ ቅዝቃዜው ጠፋ፣ ጫጩት ጠፋ። አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የሪዚኪ ካንጋ ጠርዝ ንጹሕ ቀይ ሆነ። ሂዳያ ትንፋሿን ለቀቀችና አንገቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አለችው።

በዚህ መሐል ማማ ፒሊ ገባች። ማማ ፒሊ ቪቱምቡዋ የሚባለውን በኮኮናት የተቦካ የሩዝ ዳቦ በሳፋ ተሸክማ ሦስቱንም ፎቅ እየወጣች ትሸጣለች። ደንበኛዋ ብትገዛም ባትገዛም ከሂዳያ ወንበር ጀርባ ቆማ ስክሪኑን ሳታይ አትሄድም።

«ዛሬስ ማንን እያጠብሽ ነው?» አለች ሳፋዋን እያወረደች። ወዲያው አየችና «ኤ፣ ሪዚኪ ናት። የጎጆዋን ለብሳ።» አለች። ሳቅ ብላም አባባሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል በቃሏ ወጣችው።

ሂዳያ ወደ ኋላ ዞረች። «ማማ፣ ከየት አነበብሽው?»

«ምን ማንበብ አለው። መነጽሬንም ቤት ትቻለሁ። ወፏን አየኋታ።»

ሂዳያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። በቀዩ መደብ ላይ፣ ከሪዚኪ አንገት እስከ ወገቧ፣ ክንፏን ያነሳች ጥቁር ወፍ ክብ ጎጆ ላይ ቆማ ትታያለች፤ አንዷ ከሌላዋ ቀጥላ፣ አሥራ አንድ ወፍ። ሂዳያ ለሁለት ሰዓት ያህል ፊደል ስታሳድድ ወፎቹን አንድ በአንድ ስትሠራቸው፣ ክንፋቸውን ስታስተካክል ነበር። ራሷም ብትሆን ገበያ ውስጥ ሃምሳ ካንጋ በሥዕሉ ብቻ ለይታ አባባሉን መናገር ትችላለች። ማንኛዋም ሴት ትችላለች። ስክሪን ፊት ስትቀመጥ ግን ሴትነቷን ትታ ፎቶ ሠሪ ብቻ ሆና ነበር።

«ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ ማማ» አለች በሹክሹክታ።

ማማ ፒሊ ጎንበስ ብላ አየች። ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ቢ ታቱን እሷም ታውቃታለች። «አይ ልጄ። ወፏ ከነጎጆዋ ካለች አፏን ብትሰፊያትም ትናገራለች። ጭራሽ ደምስሰሽው ካወጣሽው ደግሞ፣ ‹ምን ቢሆን ነው የደበቁት› ብሎ ያልጠየቀም ይጠይቃል።»

አራት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ሂዳያ ጨርቁ እንዳይታይ የሪዚኪን ፊት ብቻ ቆርጣ አጎላችው። ፎቶው ትንሽ ካሜራ ያነሳው ስለሆነ ሲጎላ የሪዚኪ ጉንጭ እንደ ማሽላ እህል ተበተነ። ያንን ተወችውና ከአገጯ በታች ጥቁር ሣጥን ዘርግታ የመጽሔቱን ርዕሶች በላዩ ላይ ደረደረች። በዚያው ቅጽበት ምዜ ኮምቦ ውኃ ሊጠጡ ተነስተው አዩት።

«ይቺ ዘፋኝ ናት ወይስ ሬሳ? እስከ አገጯ ምን አከናነብሻት? አንሺው።»

አነሳችው። ቀና ስትል ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኖ ነበር። ባትሪ ሳጥኑ ከሥር ይተነፍሳል። ሂዳያ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም መለወጥ ነው። ግን ሪዚኪ ጽሑፉን ፈልጋ ነው የምትመጣው፤ ገና በር ላይ ሆና መጥፋቱን ታውቃለች። ካወቀች ቃለ ምልልሱን ይዛ ትሄዳለች። ሂዳያም ሥራዋን አጥታ ትወርዳለች፤ የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ አለባት። በሌላ በኩል አንድ ቁልፍ ተጭና ሁሉንም ወደ ነበረበት መመለስ ትችላለች። አንድ ቁልፍ ብቻ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳትጫነው አነሳችውና የሪዚኪን ፊት ማሳመር ጀመረች።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ የሪዚኪ ሽቶ ከሪዚኪ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ከዚያ ትንፋሿ፤ ከዚያም ራሷ፣ ቡይቡይ የሚባለውን ጥቁር ረዥም ልብስ ለብሳ፣ እጇ ላይ አምስት የወርቅ አምባር። ምዜ ኮምቦ የራሳቸውን ወንበር አቀረቡላት። ልትሄድ ሳፋዋን አንስታ የነበረችው ማማ ፒሊ መልሳ አስቀመጠችው።

«ፊቴ ጥሩ ነው» አለች ሪዚኪ ወደ ስክሪኑ ቀርባ። «አገጬን ቀነስሽልኝ አይደል? አላህ ይስጥሽ። ጥርሴም ነጭ ሆኗል።» ወደ ታች አየች። «ጽሑፌ የት ሄደ?»

ወደ ምዜ ኮምቦ ዞረች።

«ምዜ፣ እንዳለ ይወጣል አላሉኝም?»

«ብያለሁ፣ ብያለሁ።» ምዜ ኮምቦ ወደ ሂዳያ ዞሩ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል። «ምን ያደረግሽው ነው ይኼ? መልሺው። አሁኑኑ መልሺው።»

ሂዳያ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። «እመልሰዋለሁ» አለች። «ብቻ ቢ ሪዚኪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጨርቁ ለማን ነው?»

ይህ ጥያቄ በዚያ አገር አይጠየቅም። ባል ሚስቱን አይጠይቅም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አይጠይቅም። ካንጋ የሚለበሰው ሳይናገሩ ለመናገር ነው፤ ስም የጠራች ቀን ነገሩ ከጨርቅነት ወጥቶ ስድብ ይሆናል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ይቅርታ ይባላል። ስም የጠራች ዘፋኝ ደግሞ ግጥም አለቀባት ተብላ መሳቂያ ትሆናለች።

ሪዚኪ ቀና አለች። መጀመሪያ ሂዳያን አየች፤ ከዚያ በሩ አጠገብ የቆመችውን ማማ ፒሊን። ማማ ፒሊ የሰማችውን እስከ ማታ ሰባት ሰፈር ታዳርሰዋለች።

«ለማን ትላለች እንዴ» አለች ሪዚኪ ቀስ ብላ። «ለማንም አይደለም። ቀለሙ ስቦኝ ነው የገዛሁት።»

«ቀለሙ ብቻ?»

«ቀለሙ ብቻ። ቀይ ይስማማኛል።»

«ቀለሙንማ አልነካም» አለች ሂዳያ። ድምፅዋ ከራሷ የመጣ አልመሰላትም። «ቀዩ እንዳለ ይቀመጣል፣ ጥቁሩም እንዳለ። ወፏን ብቻ ነው የማነሳት። ወፏ ካለች ሰው ያለ ነገሩ ለእንትና ነው፣ ለእንትና ነው እያለ ስምዎን ያነሳል። እርስዎ ደግሞ ማንንም አላሉም።»

ሪዚኪ አምባሮቿን አንድ በአንድ ወደ ክንዷ ገፋች፤ አምስቱም መልሰው ወረዱ።

«ወፏንም እወዳታለሁ» አለች።

«ለማን ብለሽ ነው የምትወጃት?» አለች ማማ ፒሊ ከበሩ።

«አንቺ ዳቦሽን ሽጪ።»

«እየሸጥኩ ነው። ወፍሽ ዝም ብትል ቀዝቅዞ አይቀርብኝም ነበር።»

ምዜ ኮምቦ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል በመሐረባቸው አፈኑት። ሪዚኪ አየቻቸው። ከዚያ ወንበሩን ጎትታ ከሂዳያ ጀርባ ተጠግታ ተቀመጠች። «እሺ» አለች። «አንሻት ወፏን። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ጨርቄ የተበላሸ ከመሰለ ግን፣ ምዜ፣ ቃለ ምልልሴን ይዤ እወርዳለሁ። ታራብ ዘፋኝ ነኝ፤ ቡቱቶ ለብሳ ወጣች አልባልም።»

አምስት ሰዓት ከአሥር ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷል።

ሂዳያ ወፎቹን አጠፋች። እሱ ቀላሉ ነው፤ በቦታቸው ምን ይግባ? ከሌላ ካንጋ ሥዕል ብትወስድ ያም አባባል አለው፤ ሪዚኪ ያላለችውን ማስባል ይሆናል። ሴቶቹ የማያውቁት ሥዕል መሆን አለበት፤ ከዚህ በፊት ካንጋ ላይ ያልወጣ። የዚያኑ ዕትም ሌሎች ፎቶዎች ከፍታ ማገላበጥ ጀመረች። ከበሮ፣ አኮርዲዮን፣ የአንድ ሽማግሌ ኡድ፣ ያ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ። ኡዱ ላይ ቆመች። ከክሮቹ ሥር፣ ድምፁ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ክብ እንጨት አለ። ያን ክብ ቆርጣ አወጣችው፤ ጥቁር አደረገችው፤ ቀዩ ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሪዚኪ። ትንፋሿ የሂዳያን ጆሮ ይነካል።

«የኡድ ዓይን።»

«ቀጥይ» አለች ሪዚኪ።

አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ አንድ። ዝም ብሎ ከተለጠፈ ክቡ እንደ ተለጠፈ ቴምብር ይመስላል፤ ጨርቁ በታጠፈበት መታጠፍ አለበት። እያንዳንዱን አጠመመችው፤ ትከሻው ላይ ሞላ፣ ደረት ላይ ጠበብ፣ እጥፋቱ ውስጥ ሲገባ ግማሹ ተሰወረ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጨርቅ ጥላ በስሱ በላዩ መለሰችው። ላቡ ከግንባሯ ወደ ቅንድቧ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። ማማ ፒሊ መጥታ በራሷ ካንጋ ጫፍ ጠረገችላት። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሰባቱ አልቀዋል። አራት ቀሩ። ምዜ ኮምቦ ሲዲውን በእጃቸው ይዘው፣ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ በሌላው ጫማቸውን ያጠልቃሉ።

መብራቱ ስድስት ሳይሞላ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ሄደ።

ማራገቢያው እየዘገመ ቆመ። ባትሪ ሳጥኑ መጮህ ጀመረ፤ በየሁለት ሰከንዱ እንደ ተያዘች ጫጩት። ሲሻለው ስምንት ደቂቃ ይቆያል፤ ሲከፋበት አራት። ሂዳያ ያለቀውን አስቀመጠች። አንድ ክብ ገና ብብቱ ጋ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«በቃ፣ እንዳለ ስጪኝ» አሉ ምዜ ኮምቦ።

«አይሆንም» አለች ሪዚኪ። «ያቺ ያልታጠፈች ትታያለች። አስተካክያት። ቶሎ በይ።»

አስተካከለቻት። ሲዲው ገባ፤ የመጻፊያው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ። ባትሪው ጩኸቱን አፈጠነ። አራቱም ሰዎች መስመሩን ያያሉ፤ ግማሽ፣ ከግማሽ በላይ። ሦስት አራተኛው ላይ ደርሶ ቆመ። ማማ ፒሊ በከንፈሯ አንድ የቁርኣን አያህ ቀራች። መስመሩ ሄደ፤ ሞላ፤ ሲዲው ወጣ። ምዜ ኮምቦ ነጥቀውት አንድ ጫማቸው በወጉ ሳይገባ ደረጃውን ሲወርዱ ተሰሙ። ስክሪኑ ጨለመ።

ሪዚኪ ቡይቡይዋን ስታስተካክል ቆየች። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«የዚህች እናት ዝምተኛ ነበረች ይባላል» አለች ለማማ ፒሊ፣ ሂዳያን እንደሌለች ቆጥራ። «ዝምተኛን ነው መፍራት።» ሄደች። ከዚያ ወዲያ ለሂዳያ ፎቶ ሰጥታት አታውቅም፤ ሠርግ ላይ ስትገናኛትም ሰላምታዋ በጣት ጫፍ ነው።

መጽሔቱ ቅዳሜ ወጣ። እሑድ ረፋዱ ላይ ከታች ያሉት የጨርቅ ነጋዴዎች ሴቶች እየመጡ «ሪዚኪ የለበሰችውን» እንደሚጠይቋቸው ሲያወሩ ተሰማ። አንዱ ከሞምባሳ ነው አለ፣ ሌላው ገና መርከብ ላይ ነው አለ። አባባሉ ምን እንደሆነም ሁለት ሴቶች ተከራክረው ተጣሉ።

ሂዳያ አንድ ቅጂ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በዚያው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ማጎሜኒ ሰፈር ወደ ቢ ታቱ ቤት ሄደች። ሌላ ሰው ሳያሳያት ራሷ ልታሳያት ፈልጋ ነው። ቢ ታቱ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ሩዝ ትለቅማለች። መጽሔቱን ተቀብላ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ያዘችው። ፊቱን አላየችም። በቀጥታ ጨርቁን አየች፤ ከትከሻው እስከ ወገቡ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ረዥም ጊዜ።

«ሠርጉ ላይ ነበርኩ» አለች። «ሦስተኛው ረድፍ። የፒላው ሩዝ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።»

ሂዳያ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ይኼን መጽሔት ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ፎቶ ሲያነሷት አይቻለሁ። ማታ ማታ እንቅልፍ አልነበረኝም።» ጣቷ አንዱ ክብ ላይ ቆመ። «አርባ ዓመት ካንጋ ስገዛ ኖሬ ይኼን አላውቀውም። ገበያ ብወጣ አገኘዋለሁ?»

«አያገኙትም፣ ሶሞ።»

ቢ ታቱ ሂዳያን አየቻት። ምን እንዳደረገች፣ እንዴት እንዳደረገች አልጠየቀችም። መጽሔቱን ምንጣፉ ላይ፣ ሩዙ አጠገብ፣ የሪዚኪን ፊት ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ሰፌዱ ላይ ያለውን ሩዝ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ወደ ሂዳያ ገፋችላት። ድንጋይ እየለቀሙ ብዙ ቆዩ።

«ያቺን የዶሮዋን ስንኝ» አለች ቢ ታቱ ቀና ሳትል፣ «ከዘፈኑ አውጥቻታለሁ። ሰው ከጠየቀሽ አርጅታ ረስታዋለች በይ።»

«እሺ፣ ሶሞ» አለች ሂዳያ። አንዲት ጥቁር ድንጋይ አግኝታ ከምንጣፉ ውጭ ጣለቻት።